ጠጋ ያለው ሬሳ

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኔ በመንፈስም፣ በጥላም፣ በሙት ድምፅም የማምን ሰው አይደለሁም፣ ሰው «እንዲህ ያለ ጉድ አጋጠመኝ» ብሎ ሲጀምርልኝ ቀድሜ የምጠይቀው የጠጣውን ነው፣ ደግሞ እመነኝ፣ ሙት የሚፈራ ሰው የእኔን ሥራ ሊሠራ አይችልም፣ የእኔ ሥራ መሞት ነውና።

በዳንግላና በእንጅባራ አካባቢ የሚሠሩትን ፊልሞች አይተህ ከሆነ፣ ማለቴ በሰርግ ካሜራ ተቀርጸው በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ የሚለቀቁትን፣ እኔን ታውቀኛለህ፣ እኔን ባታውቀኝ አስከሬኔን ታውቀዋለህ። በመሬት ጠብ ሞቻለሁ፣ በቅናት ሞቻለሁ፣ በመርዝ ሞቻለሁ፣ አንድ ጊዜ በደስታ ብዛት ሞቻለሁ፣ እሱን እስካሁን የገባው ተመልካች የለም። ደሜ በውሃ የተበጠበጠ ድልህ ነው፣ አንድ ቀን ዓይኔ ገብቶ ሬሳው እንባውን ሲያፈስ ዋለ፣ ዳይሬክተራችን ደምሴ ግን «ተወው፣ ስሜት አለው» ብሎ አሳለፈው። ዳንግላ ውስጥ ጋሪ ነጂዎች ሳይቀሩ «ሟቹ» ነው የሚሉኝ፣ «ሟቹ፣ ና ውጣ፣ ላድርስህ» ሲሉኝ እንግዳ ሰው ከሰማ ይደነግጣል፣ እኔ ለምጄዋለሁ፣ ሰው በሙያው ቢጠራ ምን ይከፋዋል። እንጀራዬን የምበላው ግን ከፎቶ ኮፒ ቤቴ ነው።

ለምን ሁልጊዜ አንተ ትሞታለህ ብትለኝ፣ ተሰጥኦ ነው እልሃለሁ፣ ሌላው ሬሳ ሲሆን ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሽፋሽፍቱ ይርገበገባል፣ ዝንብ ካረፈበት አለቀለት፣ እኔ ግን አንዴ ከተኛሁ ዝንቡ ራሱ ተሰላችቶ ይሄዳል። በዚህ እኮራለሁ፣ እውነቴን ነው፣ ይህን የምነግርህ እንድታደንቀኝ አይደለም፣ ያን ቀን መንቀሳቀሴ ለእኔ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ እንዲገባህ ነው።

ፊልሙ የሁለት ወንድማማቾች የመሬት ጠብ ነበር፣ እኔ አለሙ የሚባለው ታላቅየው ነኝ፣ ገና ተመልካቹ ተደላድሎ ሳይቀመጥ እሞታለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ፊልሙን የሚሸከመው የሚስቴ ልቅሶ ነው። ሚስቴን ሆና የምትሠራው ስንዱ ናት፣ ዳንግላ ፀጉር ቤት አላት፣ ስታለቅስ ግን ድንጋይ ታስለቅሳለች። ለመቅረጫ የመረጥነው ከእንጅባራ ወደ አዲስ ቅዳም ሲኬድ ከመንገዱ ገባ ያለ ቤት ነው፣ በቀርቀሃ የታጠረ፣ ዙሪያውን ለከሰል የተተከለ ዛፍ የከበበው፣ የእማማ የሻረግ ቤት። ደምሴ ስለ ኪራዩ ሊነጋገር ሲጀምር እማማ አቋረጡት።

«ብሩን ተወው። ይኸ የምታነሡት ነገር በረሃ ድረስ ይታያል?»

«የትኛው በረሃ እማማ?»

«ሰሊጥ የሚታጨድበት። ልጄ እዚያ ነው።»

ልጃቸው ይበልጣል ይባላል፣ ሌላ ልጅ የላቸውም፣ ከእኩዮቹ ጋር ለአጨዳ ወደ ቆላ ወርዶ ሌሎቹ ሲመለሱ እሱ ቀረ፣ አንዱ «ወደ ሌላ እርሻ ሄዷል» ይላል፣ አንዱ «አሞት ነበር» ይላል፣ ስልኩ አይጠራም፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። ጎረቤቱ ሁሉ፣ በተለይ የእድሩ ዳኛ አያ ካሴ፣ «የሻረግ፣ በቃ እርምሽን አውጪ፣ እናልቅስለትና ነፍሱም ትረፍ» ይሏቸዋል፣ እሳቸው እንቢ እንዳሉ ናቸው። «ካለቀስኩለት ያን ጊዜ ነው የሚሞትብኝ» ይላሉ። ቤቱን የሰጡን ልጁ በሆነ ሰው ስልክ ላይ የእናቱን ደጃፍ አይቶ አገሩ ትዝ እንዲለው ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ለመኑን።

«ውጭ እንደ ፍጥርጥራችሁ አልቅሱ። ከዚህች ደጃፍ ወዲህ ግን አንዲት እንባ እንዳትገባ።»

ደምሴ «እናቴ ትሙት» ብሎ ማለ። የደምሴ እናት በደምሴ መሐላ እስካሁን አለመሞታቸው ራሱ ተአምር ነው፣ በተአምር የማምን ቢሆን ኖሮ ከእሱ እጀምር ነበር።

ቅዳሜ እማማ ገበያ ወረዱ፣ እኛ ደጁ ላይ ካሜራ ተከልን፣ እኔ ቃሬዛ ላይ ተጋደምኩ፣ ገና ስንዱ አፏን ከመክፈቷ የእንጅባራ ዝናብ መጣ፣ ታውቀዋለህ፣ አያስጠነቅቅም። ደምሴ በማግስቱ ሰርግ ነበረበት፣ ካሜራው ከረጠበ ደግሞ ሰርጉም ፊልሙም የለም፣ ስለዚህ ካሜራውን በጃኬቱ ጠቅልሎ «ወደ ውስጥ!» አለ።

«ደምሴ፣ ቃል ገብተናል እኮ» አለች ስንዱ።

«ሴትዮዋ ገበያ ናቸው፣ አንድ ቀረጻ ነው፣ ሳይመጡ እንጨርሳለን።»

እኔን የጠየቀኝ የለም፣ ሬሳ አይጠየቅም። ጥግ ላይ ያለው ጠፍር አልጋ ላይ አስተኙኝ፣ የይበልጣል አልጋ ነው፣ እማማ በየቀኑ ያነጥፉታል፣ ማንም ግን አይተኛበትም። አፍንጫዬ ውስጥ ጥጥ ወተፉ፣ አውራ ጣቶቼን በክር አሰሩ፣ ጋቢ ፊቴ ላይ ጣሉ፣ ደምሴ ነገሩ እውነት እንዲመስል ይወዳል፣ ካሜራው ጣትን ከጥፍር አይለይም እንጂ። ዕቃ ያመጣልን ባጃጅ ነጂ ቆርቆሮው ሥር ቆሞ ጡሩንባ እንዲነፋ ተደረገ፣ «አክሽን!» ተባለ፣ ስንዱ «አለሙዬ!» ብላ ለቀቀችው።

እንግዲህ ልብ ብለህ ስማኝ። መጀመሪያ የምሰማው የቆርቆሮውን ዝናብና ስንዱን ብቻ ነበር፣ ቆይቶ ሌላ ድምፅ ተጨመረ፣ ከዚያ ሌላ፣ የወንድም የሴትም፣ ቤቱ እየሞላ ሄደ፣ እርጥብ ልብስ ሸተተኝ፣ ደምሴ ሳይነግረኝ አጃቢ አምጥቷል ብዬ ደስ አለኝ፣ በሕይወቴ እንዲህ ተለቅሶልኝ አያውቅማ። ትንሽ ቆይቼ ሳዳምጥ ግን የሚጠሩት አለሙን አይደለም፣ «ይበልጣል! ወይኔ ይበልጣል!» ነው የሚሉት። ስሜን ቀይረውታል አልኩ በልቤ፣ የእኛ ስክሪፕት እንደሆነ እንደ አየሩ ነው፣ ጠዋት ያነበብከው ከሰዓት አይገኝም።

ያኔ ነው ጠፍሩ ሲጢጥ ያለው። በአልጋው ጠርዝ በኩል፣ ከጎኔ፣ አልጋው ረገብ አለ፣ ሰው ቀስ ብሎ ሲቀመጥ እንደሚረግበው፣ ቀጥሎ ክንዴን ሙቀት ነካኝ። ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በስብሶ፣ ከጎኔ የመጣው ሽታ የደረቅ አቧራ ነበር፣ ፀሐይ ሲያቃጥለው የዋለ አፈር ሽታ፣ እንጅባራ ውስጥ በዚያ ወቅት ፈልገህ አታገኘውም።

«ጠጋ በል እስቲ» አለኝ። የወጣት ድምፅ ነው፣ የደከመው።

ለምን ተጠጋህ ትለኝ ይሆናል። ሚኒባስ ውስጥ ሰው ጠጋ በል ሲልህ ቁጭ ብለህ ታስባለህ? ጠጋ ትላለህ። ወደ ግድግዳው ተጠጋሁለት፣ ዝንብ የማያንቀሳቅሰኝ ሰውዬ።

አጠገቤ ጋደም አለ፣ ትንፋሹ ይሰማኛል፣ ልቅሶውን እያዳመጠ ቆየና፣

«የማን ልቅሶ ነው?» አለኝ።

ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ «የኔ ነው» አልኩት። ምን ልበለው፣ ሟቹ እኔ ነኝ፣ ሥራዬ ነው።

«እግዜር ያጥናህ» አለኝ፣ ሙት ስልህ እንዲህ ነው ያለኝ፣ በራሴ ሞት አጽናናኝ፣ ከዚያ ጠፍሩ እንደገና ሲጢጥ አለና አልጋው ቀለለ።

ጋቢውን ገልጬ ቀና አልኩ። አጠገቤ ማንም የለም፣ ከአልጋው ወዲያ ግን ቤቱ በሰው ጢም ብሏል፣ የማላውቃቸው የገጠር ሰዎች፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ እንባቸው ከዝናቡ ጋር እየወረደ፣ እኔም ጥጥ በአፍንጫዬ እንደተወተፈ ዓይን ለዓይን ተያየን። በዚያች ጠባብ በር ያ ሁሉ ሰው እንዴት እንደወጣ እስካሁን ይገርመኛል። እኔም ልከተላቸው ብዬ ብነሣ ጣቶቼ ታስረዋል፣ በግንባሬ ተደፋሁ። በዱላቸው ተደግፈው የቀሩት አያ ካሴ ብቻ ናቸው።

«ሰው ነህ?» አሉኝ።

«ሰው ነኝ አባባ።»

«ይበልጣል ነህ?»

«አይደለሁም፣ ፊልም እየሠራን ነው።»

አያ ካሴ ዞር ብለው ካሜራውን አዩ። ዱላውን ሲያነሡ ደምሴ ካሜራውን እንደ ሕፃን አቅፎ በጓሮ በር ዛፉ ውስጥ ገባ፣ እሳቸውም አልተከተሉትም፣ ዱላውን ዝቅ አድርገው ስንዱን አይዋት።

«በዚች ቤት ጡሩንባና ልቅሶ ከተሰማ የሌላ የማን ሊሆን ነው? ወሬው መጥቶላት፣ የሻረግ እርሟን አወጣች ብለን ነው ዝናብ ለዝናብ የሮጥነው። አሁን ሴቶቹ ሊቀበሏት ወደ ገበያው መንገድ ወርደዋል። ምን ልንላት ነው፣ ንገሩኝ?»

ስንዱ ያን ጊዜ የምታለቅሰው የእውነት ነበር።

እማማ የሻረግ መጡ። ከኋላቸው የሚያለቅሱ ሴቶች አሉ፣ እሳቸው ግን አይሮጡም፣ አይጮኹም፣ ፊታቸው ላይ የዝናብ እንጂ የእንባ ጠብታ የለም፣ ደጃፉ ላይ ቆመው «ካሴ፣ ማን ነገራችሁ?» አሉ።

«ማንም አልነገረንም። እነዚህ ናቸው፣ ለፊልማቸው ሲያለቅሱ።»

ወደ እኔ ዞሩ፣ ጥጡ ገና አፍንጫዬ ላይ ነው።

«አንተ ነህ የሞትከው?»

«አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ።»

«ተመስገን» አሉና መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ።

ሞቴን ሰምቶ እንደሳቸው ደስ ያለው ሰው አላየሁም፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር፣ ያን ቀን ግን በሥራዬ አፈርኩ። ስለ ድምፁም ትንፍሽ አላልኩም፣ ለማን እላለሁ፣ ከለቀስተኞቹ አንዱ አጠገቤ ተቀምጦ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ፣ ያ ሰው ለምን ደረቅ እንደነበረ ግን ራሴን አልጠየቅኩም።

ደምሴ በሽማግሌ ይቅርታ ጠየቀ። አያ ካሴ ፊልሙ ይጥፋ ብለው ነበር፣ ይውጣ ያሉት ራሳቸው እማማ ናቸው፣ ደጃቸው እንዲታይ። ወጣ፣ ደጁም አምሮ ታየ፣ ነገር ግን ሰው ያየው ሌላ ነው፣ በልቅሶው መሐል ሬሳው ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ጠጋ ሲል ይታያል፣ ደምሴ ሌላ ቀረጻ ስላልነበረው አልቆረጠውም። ከጎኔ ምንም አይታይም፣ የሆነ ነገር አያለሁ ብለህ እንዳትጠብቅ፣ የምታየው እኔን ብቻ ነው። «ሬሳው ለባለ ተራው ቦታ ለቀቀ» ብሎ የጻፈ አለ፣ «ጨዋ ሬሳ ነው» ያለም አለ፣ ዳንግላ ጋሪ ላይ ስወጣ «ሟቹ፣ ጠጋ በልላቸው እንጂ» ሆነ ቀልዱ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ የሰው መታወቂያ እያባዛሁ ቀና ስል እማማ የሻረግ በሩ ላይ ቆመዋል፣ በሚኒባስ መጥተው፣ ከመናኸሪያ በጋሪ፣ ሟቹ የት ነው እያሉ ጠይቀው። ወንበር ሰጠኋቸው፣ አልተቀመጡም።

«የጎረቤት ልጅ በስልክ አሳየኝ። ለማን ነው ጠጋ ያልከው?»

ልዋሽ ነበር፣ ቁርጠት ያዘኝ ልል ነበር፣ ዓይናቸውን ሳይ ግን አልቻልኩም፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሽታውን፣ ሙቀቱን፣ ድምፁን። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ።

«የማን ልቅሶ ነው ሲልህ የኔ ነው አልከው?»

«አዎ እማማ።»

«ደግ አደረግህ» አሉ። ቆይተው ግን፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «እናትህ ገበያ ናት፣ አሁን ትመጣለች ብትለው ምን ነበረበት አንት ልጅ?»

ምንም አልነበረበትም። ይህን አለማለቴ ያን ጊዜ ቆጨኝ፣ አሁንም ይቆጨኛል። እሳቸው የመጡት ግን ሊወቅሱኝ አልነበረም፣ መጥቼ እዚያው አልጋ ላይ እንድተኛላቸው ሊለምኑኝ ነው፣ ያለ ልቅሶ፣ ያለ ካሜራ፣ ዝም ብዬ። በማላምንበት ነገር እንዴት እሺ አልክ ትለኝ ይሆናል፣ አንተ እሳቸውን እንቢ በልና አሳየኝ።

ሄድኩ፣ ቀን በብርሃን። አልጋው ተነጥፏል፣ ምሳ አበሉኝ፣ ግድግዳው ጋ ጋደም አልኩ፣ ቦታ ትቼ፣ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ምንም የለም፣ ዶሮ ብቻ። ካፊያ ሲጀምር ውጭ የተሰጣ ገብስ ነበራቸውና ሊያነሡ ወጡ፣ እኔም መሞት የለመደ ሰው ነኝ፣ ጠግቤአለሁ፣ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

የነቃሁት ትከሻዬን ሲነቀንቁኝ ነው። ግድግዳው ላይ ተጣብቄአለሁ፣ ጉንጬ ጭቃውን ነክቶታል። እማማ ከነገብሱ ሰፌድ ቆመዋል።

«ምን አለህ?»

«ማን?»

«ከውጭ ሁኜ ሰማሁ እኮ! ሁለት ናችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ስታወሩ፣ ቃሉን አልለየሁትም፣ ድምፁን ግን እለየዋለሁ፣ የወለድኩት ነው። ጠየቀህ፣ አንተም መለስክለት። ምን ብለህ መለስክለት?»

እንቅልፍ ላይ ነበርኩ አልኳቸው፣ በእናቴ ማልኩ፣ የእኔ መሐላ እንደ ደምሴ አይደለም። እሳቸው ግን ሰፌዱን አስቀምጠው እጄን ያዙ፣ «በደንብ አስብ» አሉኝ፣ አሰብኩ፣ ምንም የለም፣ ባዶ። ሴትዮዋ በናፍቆት የሰሙት ነው ልትል ትችላለህ፣ እኔም በእንቅልፌ የማወራ ሰው እሆናለሁ፣ እስካሁን የነገረኝ ባይኖርም። ሁለት ድምፅ ማውጣት እችላለሁ ወይ የሚለውን አላውቅም።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ ባገኙ ቁጥር ይደውሉልኛል። ተዋናይ ነኝ፣ አንድ ቀን ልገላግላቸው ብዬ መስተዋት ፊት ተለማምጄአለሁ፣ «ትዝ አለኝ እማማ፣ እናትህ ቤት ናት፣ ግባ አልኩት» ማለት ነው፣ ቀላል ነው፣ ከዚህ የከበደ ብዙ ቃል አጥንቻለሁ። ስልኩ ሲጠራ ግን ሌላ ነገር ይመጣብኛል። የጠየቀኝ ያንኑ «የማን ልቅሶ ነው» የሚለውን ጥያቄ ከሆነስ? እኔስ በዚያ ሁለተኛ ቀን ተዋናይ አልነበርኩም፣ ጋቢ አልለበስኩም፣ አለሙም አልነበርኩም፣ ሥራ ላይ ያልሆነ ሰው ደግሞ ሲጠየቅ የሚያውቀውን ነው የሚናገረው፣ በእንቅልፍ ልቤ «ያንተ ነው» ብዬው ከሆነስ?

ትናንትም ደወሉ። ሰላምታ አላስረዘሙም።

«ትዝ አለህ ልጄ?»

«ገና ነው እማማ።»

«አይዞህ፣ ቀስ ብለህ አስብ» አሉኝ፣ «እኔ የትም አልሄድም።»